የታማሚው ዕዳና የጀማዓው አደራ

(በመስጊዳችን ለጀማዓው ከቀረበ ንግግር ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ የጀማዓችን አባላት፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ኮሚቴው ለዚህ መጽሔት ንግግር እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ የመረጥሁት ርዕስ በየጁምዓው በዓይናችን የምናየውን ጉዳይ ነው። ሶላት ተሰግዶ ሰው ከመበተኑ በፊት አንድ ሰው የሐኪም ቤት ወረቀት ይዞ ይነሣል። ታማሚ አለብኝ፣ ገንዘብ አነሰኝ ይላል። ጋቢ ይዘረጋል፤ ሁሉም ኪሱን ይዳስሳል፤ የተገኘው ተቆጥሮ ይሰጠዋል። ይህ ትልቅ ኸይር ነው፤ አላህ ይቀበለን። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከተሰጠ በኋላ ማንም የማይጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ይህ ታማሚ ሕክምናውን በነፃ ወይም በሌላ ወጪ ማግኘት አይገባውም ነበርን? የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላስ ምን ይሆናል? የሚለው ነው።

ዛሬ ለእናንተ የምናገረው በአጭሩ ይህ ነው። የጀማዓው ገንዘብ የመጀመሪያው በር ሳይሆን የመጨረሻው በር መሆን አለበት። ከእርሱ በፊት የሚንኳኩ በሮች አሉ። እነዚያን በሮች ሳናንኳኳ የሶደቃውን ሣጥን ባዶ ብናደርግ፣ ነገ ሌላ በር የሌለው ታማሚ ሲመጣ የምንሰጠው እናጣለን።

ዝምታው የሚያስከትለው ጉዳት

የአገራችን ሰው ጨዋ ነው። መቸገሩን ለመናገር ያፍራል። በተለይ ዕድሜ ልኩን ሰጪ የነበረ ሰው ተቀባይ መሆን ሞት ይመስለዋል። እፍረት በቦታው ሲሆን መልካም ነው፤ በሕመም ጊዜ ግን ሦስት ክፉ ነገሮችን ይወልዳል።

አንደኛው መዘግየት ነው። ሰውየው ገንዘብ የለኝም ብሎ ቤቱ ይተኛል። በጤና ጣቢያ በጥቂት ቀን መድኃኒት ይድን የነበረው ሕመም ሲብስበት በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ያን ጊዜ ወጪው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) ስንታመም እንድንታከም ማዘዛቸውን እናውቃለን፤ ስለዚህ መታከምን በእፍረት ማዘግየት ዲናችን ያስተማረን አይደለም።

ሁለተኛው እንጀራ የሚበላበትን መሣሪያ መሸጥ ነው። ገበሬው የሚያርስበትን በሬ፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን፣ ጋሪ ነጂው ፈረሱን ይሸጣል። ታማሚው ቢድንም ቤተሰቡ በሚቀጥለው ዓመት ይራባል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ይኸውም አራጣ ነው። ሐራም መሆኑን እያወቀ፣ ልጁ አልጋ ላይ ተኝቶበት ጨንቆት፣ በወለድ የሚበደር ሰው አለ። ሕመሙ በአንድ ወር ሲለቀው የአራጣው ዕዳ ለዓመታት ይከተለዋል። አንድ ሰው በዚህ መንገድ ሲወድቅ ኃጢአቱን የእርሱ ብቻ አድርገን አንመልከት። ሳይናገር ያስፈራውን፣ ቢናገርም የማይሰማውን ጀማዓ አላህ ይጠይቀዋል።

በአካባቢያችን አንድ አባወራ ሚስቱ ብዙ ጊዜ ስታስል ቆይታ ከአንድ የግል ክሊኒክ ወደ ሌላው እያዞረ አንድ በሬ ሸጦ ጨረሰ። በመጨረሻ ሕመሙ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና መድኃኒት ደግሞ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጥ ነው። ሴትዮዋ አልሐምዱሊላህ ድናለች፤ በሬው ግን አልተመለሰም። ያን ቤተሰብ የጎዳው ከገንዘብ ማጣቱ ይልቅ የሚነግራቸው ሰው ማጣታቸው ነው።

አስቀድመው የሚንኳኩ በሮች

አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ታማሚ ሲያጋጥማችሁ ከመሸጥና ከመበደር በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በተራ ጠይቁ።

1ኛ. ሕክምናው ለሁሉም ሰው በነፃ ከሚሰጡት ውስጥ ነውን? በመንግሥት ጤና ተቋማት ሀብታም ድሀ ሳይባል በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ። የነፍሰ ጡር ክትትል፣ ወሊድና ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል፣ የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የሥጋ ደዌና የኤች አይ ቪ ሕክምና ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ምጥ የያዛት ሴት ገንዘብ የለንም ተብሎ ቤት መቅረት የለባትም። ይህን ለሚስቶቻችሁና ለልጆቻችሁ ዛሬውኑ ንገሩ።

2ኛ. ጉዳቱ የመኪና አደጋ ነውን? የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በመኪና ለተጎዳ ሰው የአስቸኳይ ሕክምና መብት ሰጥቷል። አዋጁ ሲወጣ ለዚህ ያስቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ከዚያ በላይ የሚደርሰው የአካል ጉዳት ካሣ ደግሞ ከመኪናው መድን ይጠየቃል። ገጪው ቢያመልጥ ወይም መድን ባይኖረው ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ስለዚህ ከሽምግልናው በፊት የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የሐኪም ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል። ሽምግልና መልካም ነው፤ ነገር ግን ማስረጃ ሳይያዝ በጥቂት ብር ታርቆ ኋላ እግሩ የሚቆረጥ ሰው ወደ ማን ይሄዳል?

3ኛ. ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ነውን? ከሕንፃ ላይ የወደቀ፣ ማሽን እጁን የያዘው ሠራተኛ የሕክምና ወጪው በአሠሪው ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምርመራውን፣ የቀዶ ሕክምናውን፣ የሆስፒታሉንና የመድኃኒቱን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። በጀማዓችን ውስጥ አሠሪዎች አላችሁ። ሠራተኛችሁ ሲጎዳ ወደ መስጊድ በር ለልመና አትላኩት። የላቡን ዋጋ እንደምትከፍሉ ሁሉ የደሙንም ክፈሉ፤ ሐቁ ነው።

4ኛ. ቤተሰቡ የጤና መድን አለውን? ባይኖረውስ በድሆች መዝገብ ሊገባ የሚችል ነውን? በዚህ ላይ ጥቂት ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ባሉ 13 ወረዳዎች ነው። ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስቱ ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና የእኛው የወሎዋ ተሁለደሬ ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። አሠራሩም ግልጽ ነው። እያንዳንዱ አባወራ በዓመት አንድ ጊዜ የተወሰነ መዋጮ ይከፍላል፤ የቤተሰቡ ስም የሰፈረበት ደብተር ይሰጠዋል፤ ሲታመሙ መድኑ ውል በገባባቸው ተቋማት ይታከማሉ። መክፈል የማይችሉት የድሆች ድሆች በቀበሌያቸው ተለይተው መዋጮውን ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉላቸዋል። ከዚያ በፊትም በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ድሀው ከቀበሌው በሚሰጠው የነፃ ሕክምና ወረቀት እንዲታከም መንገድ ከፍቶ ነበር። መድኑ በተቋቋመበት ቦታ የነፃ ታካሚዎች ስም በአብዛኛው ወደ መድኑ መዝገብ ገብቷል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ "ኢንሹራንስ አይደለም ወይ? ሐራም አይሆንም ወይ?" ይላሉ። ጥያቄው ከተቅዋ የመጣ ስለሆነ በክብር መመለስ አለበት። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 በጅዳ ባደረገው ጉባኤ ለትርፍ የሚሠራውን የንግድ ኢንሹራንስ ሲከለክል፣ ሰዎች ለመረዳዳት አዋጥተው የሚያቋቁሙትን የትብብር መድን ግን ፈቅዷል። የጤናው መዋጮ ትርፍ የሚወስድ ነጋዴ የሌለበት፣ ጤነኛው ታማሚውን የሚረዳበት ሣጥን ስለሆነ ወደ ሁለተኛው የቀረበ ነው። እኛ የወሎ ሰዎች ደግሞ ይህን ከአያቶቻችን እናውቀዋለን። ቅሬ ምንድን ነው? ሁሉም ያዋጣል፤ የደረሰበት ይረዳል። ዘንድሮ ያልደረሰበት ሰው መዋጮዬን መልሱልኝ አይልም፤ አልሐምዱሊላህ ይላል እንጂ።

ሆኖም ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ የሚካሄድ አይደለም። በአብዛኛው እህል ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ከታመሙ በኋላ ልመዝገብ ማለት ቤት ከተቃጠለ በኋላ ውኃ መቅዳት ነው። ሁለተኛ፣ በመድኑ የሚታከም ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈር እያጻፈ ነው የሚሄደው። በራሱ ጊዜ ዘሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሄደ ሰው ሙሉውን ጥቅም አያገኝም። መድኑ የማይሸፍናቸው ነገሮችም አሉ፤ መነጽር፣ ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

5ኛ. መድኑም የነፃ ወረቀቱም ከሌለ ሆስፒታሉን ራሱን አነጋግራችኋልን? ብዙ ሰው ሒሳቡ ተቆልሎ የመውጫው ቀን እስኪደርስ ዝም ይላል። መናገር ያለባችሁ በገባችሁበት ቀን ነው። በትልልቅ ሆስፒታሎች የችግረኛ ታካሚዎችን ጉዳይ የሚያይ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ አለ። እርሱን ፈልጉ፤ ያላችሁበትን ሁኔታ በእውነት ንገሩት። ለሐኪሙም ንገሩት። ሐኪሙ አቅማችሁን ካወቀ ተመሳሳይ ሥራ ያለውን ርካሽ መድኃኒት ሊጽፍ፣ ሊቆይ የሚችለውን ምርመራ ሊያቆይ ይችላል። መድኃኒቱን በመጀመሪያ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ጠይቁ፤ ከሌለ ወደ ውጭ ውጡ። ሒሳቡ ሲሰጣችሁ የአልጋው፣ የምርመራውና የመድኃኒቱ ለየብቻ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁና ደምሩት፤ ያልወሰዳችሁት ነገር ተጽፎ ከሆነ በትሕትና አሳዩ። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ በየጊዜው የሚከፈል ውል ጠይቁ። ከሐኪም ቤት በሌሊት ጠፍቶ መውጣት ግን ዕዳውን አያጠፋም፤ ለሚቀጥለው ድሀ በሩን ያጠብበታል እንጂ።

6ኛ. ለዚያ ሕመም የቆመ የበጎ አድራጎት ተቋም አለን? እንዲህ ያሉ ቦታዎች በአገራችን አሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 በዶክተር ካትሪንና በዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን የተቋቋመው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል በወሊድ ምክንያት ሽንት የማይቋጥሩ ሴቶችን በነፃ ያክማል፤ በባሕር ዳርም ማዕከል አለው። በዚህ ሕመም ከሰው ተለይታ ጓዳ የተቀመጠች እህት ካለች እባካችሁ ለቤተሰቧ ንገሩ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል የልብ ሕመም ላለባቸው ሕፃናት የተቋቋመ ነው፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቶሎ መመዝገብ ያስፈልጋል። ኪዩር የተባለው የአዲስ አበባ የሕፃናት ሆስፒታል እግራቸው ተጣሞ ለተወለዱና ለመሰል የአካል ጉዳተኛ ልጆች ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። የታካሚዎቹን ዲን የሚጠይቅ የለም፤ እኛም የሐኪሞቹን ዲን መጠየቅ አያስፈልገንም።

ዘካና ሶደቃ የሚገቡበት ቦታ

እነዚህ በሮች ሁሉ ከተንኳኩ በኋላም የሚቀር ወጪ አለ። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልገው ሰው አለ። በሆስፒታሉ የማይገኝ መድኃኒት ከውጭ የታዘዘለት አለ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎለት የመሳፈሪያና የማደሪያ ያጣ አለ። የጀማዓው ገንዘብ ቦታው ይህ ነው።

በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች ተዘርዝረዋል። ድሆችና ምስኪኖች ከእነርሱ ውስጥ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሌሎቹን ሁለቱን ግን እንረሳቸዋለን። አንደኞቹ አል-ጋሪሚን ማለትም ዕዳ የከበዳቸው ናቸው። ለሐራም ነገር ሳይሆን ለልጁ ሕይወት ብሎ ዕዳ የገባና መክፈል ያቃተው ሰው ከእነዚህ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ኢብን አስ-ሰቢል፣ በመንገድ ላይ ስንቅ ያለቀበት ነው። አገሩ ላይ መሬትና ከብት ቢኖረውም፣ ሸገር ላይ ታማሚውን ይዞ በረንዳ ላይ ያደረ ሰው ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ መንገደኛ ነው።

ነጋዴዎች ሆይ፤ 85 ግራም ወርቅ የሚያህል ዋጋ ደርሶ የጨረቃ ዓመት የሞላው ገንዘባችሁ ከመቶ 2.5 ዘካ አለበት። ይህን በረመዷን በር ላይ ለተሰለፈ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ብር አድርጋችሁ ከምትበትኑት፣ ከእርሱ ከፍለው የአንድን ጋሪም ዕዳ ብትዘጉ አንድ ቤት ይነሣል። ዕዳውን በባለዕዳው ፈቃድ በቀጥታ ለሆስፒታሉ መክፈልም ይቻላል። ዘካ ወሰን ያለው ግዴታ ስለሆነ ለተጠቀሱት ወገኖች ብቻ ይውላል። ሶደቃ ግን ሰፊ ነው፤ በቅሬ አብሮን የሚቀብረው፣ በቃሬዛ አብሮን የሚሸከመው ክርስቲያን ጎረቤታችን ሲታመም ከእርሱ ልንከለክለው አይገባም።

ኋላ መመለስ የሚችል ሰው ደግሞ ስጦታ ላይፈልግ ይችላል፤ ክብሩ አይፈቅድለትም። ለእርሱ ቀርድ ሐሰን አለ፤ ያለ ወለድ ማበደር። ለዚህ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በጀማዓው ቢቀመጥ ስንቱን ከአራጣ ያድናል!

ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ

በመስጊዳችን አንድ የታማሚ መርጃ ክፍል ቢቋቋም ብዙ ወጪ የለውም። አሠራሩ ግን ሥርዓት ይፈልጋል።

ሦስት የታመኑ ሰዎች ይመረጡ፤ ከእነርሱ አንዷ ሴት ትሁን። ሴት ሕመሟን ለወንድ ኮሚቴ ልትናገር አትችልም፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ሳትናገር ቆይታለች። ገንዘቡ በሦስቱ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ወለድ አልባ ሒሳብ ይቀመጥ።

ለእያንዳንዱ ታማሚ የካርዱ፣ የሪፈሩና የሒሳቡ ወረቀት ይታይ፤ ከላይ የዘረዘርኋቸው በሮች መንኳኳታቸውም ይመዝገብ። ይህ ታማሚውን ለማንገላታት አይደለም። አስቸኳይ ከሆነ አስቀድሞ ይረዳ፤ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል።

የታማሚው ስምና ሕመም ያለ ፈቃዱ በድምፅ ማጉያ አይነገር። ሲትር ማድረግ ግዴታችን ነው። ዛሬ ለመዳን የተለመነለት ሕመም ነገ ልጅቱን ከትዳር እንዳይከለክላት እናስብ።

የሚሰጠው ገንዘብ ሁሉ ደረሰኝ ይኑረው። ለአንድ ታማሚ ተሰብስቦ የተረፈ ገንዘብ ለሚቀጥለው ታማሚ እንደሚውል ገና ሲሰበሰብ ለሰጪዎቹ ይነገር። ታማሚው በአላህ ውሳኔ ቢያርፍም ያን ጊዜ ጭቅጭቅ አይነሣም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አብሮ የሚሄድ ሰው ነው። ከገጠር የመጡ እናት በሆስፒታል ግቢ የትኛው መስኮት ካርድ ክፍል፣ የትኛው ገንዘብ መክፈያ እንደሆነ አያውቁም። የተጻፈውን አያነቡም፤ የተናገራቸውንም ይፈራሉ። ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ወጣቶች በዚህ መስጊድ ብዙ ናችሁ። ከእናንተ አንዱ ግማሽ ቀን ሰጥቶ አብሯቸው ቢቆም፣ ወረቀታቸውን ቢያነብላቸው፣ የማኅበራዊ አገልግሎቱን ቢሮ ቢያሳያቸው፣ ኪሱ ውስጥ አንድ ብር ባይኖር እንኳ ብዙ ብር እንደሰጣቸው ይቆጠር።

ማጠቃለያ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ይህን መጽሔት አንብባችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የራሳችሁ የጤና መድን ደብተር መታደሱን ተመልከቱ፤ ከሌላችሁ የሚቀጥለው ምዝገባ መቼ እንደሆነ ከቀበሌያችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በግራና በቀኝ ያሉ ጎረቤቶቻችሁን አስቡ። መዋጮውን መክፈል የማይችል ቤት ካለ በድሆች መዝገብ እንዲገባ ስሙን አስነሡለት፤ ካልገባም መዋጮውን እናንተ ክፈሉለት። የአንድ ዓመት መዋጮ ከአንድ ቀን የሆስፒታል ልመና ይቀልላል። ሦስተኛ፣ ታማሚ ያለበት ሰው ሳይናገር ፊቱን አንብቡ። ካልጠየቀ አልተቸገረም አትበሉ።

የታመማችሁ፣ ታማሚም ያለባችሁ ደግሞ ቶሎ ተናገሩ። ሐቅን መጠየቅ ልመና አይደለም። ለወንድም ችግርን ማስታወቅም ውርደት አይደለም፤ ለእርሱ የአጅር በር መክፈት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ታማሚዎቻችንን ያሽርልን፤ ዕዳ የከበዳቸውን ከዕዳቸው ያውጣልን፤ ለሰጪዎቹ ይተካላቸው፤ ሐኪሞቻችንንና አስታማሚዎቻችንን ያበርታልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።